ከማን ነው የሰረቅሽው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«37 ዓመቴ ነው። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ 9፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወዳለሁ። አሁን የምሥለው ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው፤ ከእንቅልፌ ሰርቄ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ፣ ማሽኑ ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ። ቢሮ ስሆን ስለ ልጆቼ አስባለሁ። ከልጆቼ ጋር ስሆን ስላልጨረስኩት ሥራ አስባለሁ። ስሥል ደግሞ ከሁሉም የሰረቅኩ ይመስለኛል። በቀደም ሌሊት ትንሿ ልጄ ተነስታ በሩን ድንገት ከፈተችው። ደንግጬ ሥዕሉን በፎጣ ሸፈንኩት። ‹እማ፣ ምን ደበቅሽ?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሥራ ቦታ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ እንድሆን ተጠይቄያለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ዓምና ኤግዚቢሽን አሳየች። እኔ ‹ሠዓሊ ነኝ› ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። እናቴ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ትለኛለች። እኔ አራት ዛፍ ላይ ነኝ፦ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ሥዕል፣ አራተኛው ደግሞ ራሴን መቀበል። ሚዛኑን እንዴት ልጠብቅ?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን እስክሪብቶ ይዤ ነው፤ አንድ ቃል እየተመላለሰ ዓይኔ ውስጥ ስለገባ። ሙሉው ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ መስረቅ ሰባት ጊዜ ጽፈሻል (ሳሳጥረው ሁለቱ ብቻ ቀሩ)። ከእንቅልፌ ሰርቄ፣ ከልጆቼ ሰርቄ፣ ከምሳ ሰዓቴ ሰርቄ። የምሳ ሰዓትሽ እኮ የራስሽ ነው! ከገዛ ኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ሌባ የተባለ ሰው የት አየሽ? «ደክሞኛል» ያልሽው ግን አንዴ ብቻ ነው። እሱንም መጨረሻ ላይ፣ ይቅርታ እየጠየቅሽ።

ስለዚህ ጥያቄሽን ልቀይረው ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ሚዛን ነው። እኔ ያየሁት ግን በገዛ ቤቷ ተደብቃ የምትኖር ሴት ነው። ሰዓት አጥሮሻል፣ እሱን አልክድም፤ ሁለት ልጅና የሙሉ ቀን ሥራ ያላት ሴት ሰዓት ተርፎኛል ብትለኝ እኔም አላምናት። ግን ነገ ቀኑ ላይ ሁለት ሰዓት ቢጨመርልሽ የት የምታሳልፊው ይመስልሻል? እዚያው ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ፎጣው አጠገብ።

የሚዛኑን ነገር ግን አልፌው መሄድ አልፈልግም። በራስሽ ሙያ ልምጣብሽ። አንድ ድርጅት በየማታው የዓመቱን ሂሳብ ልዝጋ ቢል ምን ትዪዋለሽ? አብዷል ነው የምትዪው። አንዳንድ ወር ወጪ ይበዛል፣ አንዳንድ ወር ገቢ ይዘገያል፣ ዛሬ ያልተከፈለ ነገር ወደሚቀጥለው ወር ይዛወራል፣ እና ማንም «ከሰርን» ብሎ አይጮህም። አንቺ ግን በየማታው ጥርስሽን እየቦረሽሽ የቀኑን ሂሳብ ትዘጊያለሽ። ዛሬ ለልጆቼ ስንት ሰጠሁ፣ ለቢሮ ስንት፣ ለሥዕሉ ስንት። በየማታውም ጉድለት ታገኛለሽ። ታዲያ ላይገኝ ነው? በአንድ ቀን አራቱንም እኩል ያጠገበ ሰው አላውቅም፤ አለ ካሉሽም ጠጋ ብለሽ እዪው፣ ከኋላው የቤቱን ሥራ የሚሠራለት ሌላ ሰው ይኖራል። ሦስት ወሩን በአንድ ላይ እዪው። ልጅ የታመመበት ሳምንት የልጅ ነው። የኦዲት ሳምንት የቢሮ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሥዕል የሚባል ነገር አንድ መስመር እንኳ ካልገባበት ያኔ እንነጋገራለን።

እናትሽም ተሳስተዋል ብዬ አልከራከራቸውም። እውነታቸውን ነው፣ ሁለት ዛፍ ባንዴ አይወጣም። ተረቱ ግን ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ መውጣትን አልከለከለም። ችግርሽ አራት ዛፍ መኖሩ አይመስለኝም፤ ከአንዱም በደንብ ሳትወርጂ ሌላው ላይ መንጠልጠልሽ ነው። ቢሮ ሆነሽ ስለ ልጆችሽ፣ ከልጆችሽ ጋር ሆነሽ ስለ ቢሮ። ይሄ ያንቺ ድክመት ብቻ እንዳይመስልሽ። ሶፊ ሌሮይ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዞር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አብሮት እንደማይዞር አሳይታለች፤ ከፊሉ ቀድሞ የነበረበት ላይ ይቀራል፣ በተለይ ሥራው ካላለቀ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከሌላ ተመራማሪ ጋር ሆና መፍትሔ ቢጤ ሞከረች። መፍትሔው እንዴት ቀላል እንደሆነ ሳነብ ሳቄ መጣ። ሥራውን ከማቋረጥሽ በፊት የት እንደደረስሽና ስትመለሺ ከምን እንደምትጀምሪ ባጭሩ መጻፍ ነው። በቃ። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ከወንበሬ ስነሳ ሁለት መስመር ጽፌ ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣለሁ። ጭንቅላቴ «ወረቀቱ ይዞልኛል» ብሎ ይለቀኛል። ሁልጊዜ አይለቀኝም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይለቀኛል።

አሁን ወደ ፎጣው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ልጆቼ ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ እኔም ማታ ማታ እጽፍ ነበር። አጫጭር ታሪኮች። ማንም አያውቅም። ባለቤቴ «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲለኝ «የቢሮ ሪፖርት ነው» እለው ነበር። ሪፖርት የሚከበር ነገር ነዋ! ሪፖርት የምትሠራ ሴት ይታዘንላታል፣ ዝም በሉ ይባልላታል። ታሪክ የምትጽፍ ሴት ግን «ይሄን ያህል ትርፍ ጊዜ አላት ማለት ነው» የምትባል ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ ሰውዬው አዘነልኝና ወንበር ስቦ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ብዙ ቀን አመሸሽ፣ ሪፖርቱን አብረን እንጨርሰው» አለ። በዚያ ድንጋጤ የሆነ የድሮ ሠንጠረዥ ከፍቼ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የማይረባ ቁጥር ስንደምር አመሸን። በትክክል ደመርነው ደግሞ። የዚያን ማታ ራሴን ታዘብኩት። ያፈርኩት በመጻፌ አልነበረም፤ የሚረዳኝን ሰው በውሸት ሠንጠረዥ ማስደመሬ ነው ያሳፈረኝ። እውነቱን ልነግረው ግን ሌላ አምስት ወር ፈጀብኝ። ስነግረው ምን አለ መሰለሽ? «እኔ እኮ ቢሮሽ ሊያስጠላኝ ጀምሮ ነበር።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሥዕል በሽታ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን የተደበቀ ነገር ሁሉ የበሽታ መልክ ይይዛል። አንቺ ሥዕሉን ስለደበቅሽው ማንም ሰዓትሽን ሊያከብርልሽ አይችልም፤ የማያውቁትን ሰዓት እንዴት ያክብሩልሽ? ባለቤትሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ልብስ የምታጥቢ ይመስለው ይሆናል። ትንሿ ልጅሽ ደግሞ ሌላ ነገር ተምራለች። እናቷ የምትወደውን ነገር ስታደርግ ስትያዝ እንደምትደነግጥ። ይሄን የምልሽ ሌላ ጥፋት ልጨምርብሽ ብዬ አይደለም፤ ጥፋት ሞልቶሻል። የአራት ዓመት ልጅ ግን በጣም በትክክል ነው የጠየቀችሽ። ምን ደበቅሽ?

ስለ ባለቤትሽ «ባለትዳር» ከሚለው ቃል ሌላ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፍሽም። ይሄም ገርሞኛል። ጥሩ ሰው ይሁን አስቸጋሪ አላውቅም፣ ስለዚህ አልፈርድበትም። ግን ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ካልተነጋገራችሁ የእያንዳንዳችሁ መዝገብ ለየብቻ እየተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ጥናት አለ፤ ሮስና ሲኮሊ የሚባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች በ1979 ያሳተሙት። ባልና ሚስትን ለየብቻ «ከቤቱ ሥራ ስንቱን የምትሠራው አንተ ነህ? ስንቱን አንቺ ነሽ?» ብለው ጠየቁ። የሁለቱ መልስ ሲደመር ብዙ ጊዜ ከሙሉው በላይ ይመጣል። ያንቺ ሙያ ነው፤ ይሄ ሂሳብ እንደማይዘጋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የራሱን ድካም ያስታውሳል፣ የሌላውን አላየውም።

የማይታየው ደግሞ ብዙ ነው። አሊሰን ዳሚንገር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት 35 ጥንዶችን አነጋግራ የቤት ውስጥ የሐሳብ ሥራን በአራት ከፈለችው። የሚመጣውን ቀድሞ ማሰብ፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያ መፈጸሙን መከታተል። መወሰኑን ጥንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ነው የሚያደርጉት። ቀድሞ ማሰቡና መከታተሉ ግን በብዛት ሴቶቹ ላይ የወደቀ ነው። ለዚህ ነው «ባለቤቴ የጠየቅኩትን ሁሉ ይሠራል» የምትል ሴት ራሱ ጭንቅላቷ ሲፈነዳ የምታይው። መጠየቁ ራሱ ሥራ ነው! የልጁ ጫማ እንደጠበበው ማን አየ? የክትባቱን ቀን ማን ያዘ?

ስለዚህ ስታነጋግሪው «እርዳኝ» አትበይው። «እርዳኝ» ስትዪ ሥራው የኔ ነው፣ አንተ እንግዳ ነህ ማለትሽ ነው። እንግዳ ደግሞ ሲደክመው ቁጭ ይላል። ይልቅ እንዲህ በዪው፦ «ማክሰኞና ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል እሥላለሁ። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ያንተ ናቸው፤ ማስተኛቱ፣ ውኃ መስጠቱ፣ የጠፋውን አሻንጉሊት መፈለጉ፣ ሁሉም።» ከዚያ የሱንም ሁለት ማታ ጠይቂው፣ እሱም የሚወደው ነገር ሳይኖረው አይቀርም፣ እሱም ደብቆት ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ አንድ ሙሉ ነገር ከነሐሳቡ አስረክቢው። ለምሳሌ የልጆቹን ልብስና ጫማ፦ መጥበቡን ማየት፣ መግዛት፣ መመለስ፣ ሁሉንም። አንዴ ካስረከብሽ በኋላ ግን አፍሽን ያዢ። ትንሿ የሌሊት ልብሷን ገልብጣ ለብሳ ብታገኚያት ገልብጣ ትተኛ። እኔ ይሄን ስላልቻልኩ ነው ሦስት ጊዜ ያስረከብኩትን መልሼ የወሰድኩት፣ ከዚያ ደግሞ «ሁሉም ነገር እኔ ላይ ነው» እያልኩ የማለቅሰው። አይ እኔ!

እምቢ ካለሽስ? እንግዲህ እምቢ ካለሽ እስካሁን ያላወቅሽውን አንድ ነገር አወቅሽ። ያኔ የሚያስፈልግሽ ምክር ሌላ ነው፣ መልሰሽ ጻፊልኝ። ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ አንባቢዎቼም «ለኛስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለናንተ ማታውን የሚቀያየር እህት ወይም ጓደኛ መፈለግ ነው፤ አንድ ማታ ልጆችሽን እሷ፣ አንድ ማታ የሷን አንቺ። ቀላል ነው አላልኩም።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ለምን በማለዳ አትነሺም?» ይልሻል። ሁልጊዜ የሚል ሰው አይጠፋም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሺ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ዓለም ተኝቶ፣ ፏ ብለሽ ትሠሪያለሽ። ሞክሬዋለሁ። አሥራ አንድ ቀን ዘለቅኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ ተኛሁ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ሲነቀንቀኝ «ተኝታችኋል?» ብዬ ሰዎቹን ጠየቅኳቸው፣ ልጆቼን የማስተኛ መስሎኝ። የማለዳ ጀግኖች ታሪክ ሲነገርሽ ደግሞ ሙሉውን ጠይቂ። አንቶኒ ትሮሎፕ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ደራሲ አለ። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ነው በየማለዳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ እየተቀመጠ፣ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ፣ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል እየጻፈ ያን ሁሉ ልብ ወለድ ያወጣው። ይሄን ሁሉም ሰው ያወራል። የማይወራው፣ ራሱ ግን በግልጽ የጻፈው፣ በየማለዳው የሚቀሰቅሰውና ቡና የሚያመጣለት አንድ አዛውንት አገልጋይ እንደነበረው ነው። ለዚሁ ብሎ በዓመት ተጨማሪ ይከፍለው ነበር። ለስኬቱ ከማንም ይልቅ የዚያ ሰው ባለዕዳ እንደሆነም መስክሯል። ታማኝነቱን ወደድኩለት። የኛ ዘመን ጀግኖች ቡናውን ማን እንዳፈላው ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ደብዳቤሽ ውስጥ በእውነት የተሰረቀ ነገር አንድ ብቻ አለ፣ እንቅልፍሽ። የተሰረቅሽውም አንቺ ነሽ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። አንቺ የጻፍሽልኝ ከአምስት አይበልጥም (ይሄንንም ሳሳጥር አውጥቼዋለሁ፣ ይቅርታ)። በአምስት ሰዓት እንቅልፍ «ራሴን መቀበል አቃተኝ» አትበዪኝ። በአምስት ሰዓት እንቅልፍ እኔ ማንንም አልቀበልም፣ የበሩን ደወል እንኳ። ስለዚህ የሌሊቱን ሥዕል ተዪው። አዎ፣ ተዪው ነው የምልሽ። በሳምንት አምስት ሌሊት እየተደበቅሽ ከምትሥዪው ሁለት ምሽት በግልጽ ብትሥዪ ይሻላል፣ ቢያንስ ለሥዕሉ ለራሱ።

ሁለት ምሽት ትንሽ መስሎሽ ከሆነ፣ ትንሽ ነው። አልሸፋፍንልሽም። መጀመሪያ አካባቢ ቁጭ ብለሽ ምንም የማይወጣሽ ምሽትም ይኖራል፤ ወረቀቱን እያየሽ 3 ሰዓት ተኩል ይሞላል። ያም ይቆጠራል። አንዳንዱ ማክሰኞ ደግሞ ይፈርሳል፣ ልጅ ያተኩሰዋል ወይ መብራት ይጠፋል። ያኔ «አለቀልኝ፣ እኔ እኮ ምንም አልዘልቅም» ማለት የለም። የለንደኗ ተመራማሪ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ልማድ ሲይዙ ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። ነገሩ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ግን ሰው ከሰው በጣም ይለያያል፣ ከ18 ቀን ጀምሮ እስከ 254 ቀን ድረስ ይገመታል። ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ የጣመኝ ሌላው ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህ ነው የሚባል ያህል አልጎዳውም። አንድ ቀን ተዘለለ፣ በማግስቱ ተቀጠለ፣ በቃ።

ቀለሙንና ወረቀቱን ግን ከዚያ ክፍል አውጪ። ቋሚ ቦታ ይኑረው፣ የጠረጴዛ ጥግም ቢሆን። በየጊዜው እያወጣሽ፣ እየዘረጋሽ፣ መልሰሽ እየደበቅሽ የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ ከጊዜውም በላይ ደግሞ ዕቃ ቦታ ሲኖረው ሰውየውም ቦታ ያለው ይመስለዋል።

ጓደኛሽስ? ቀናሽባት። ቃሉን ፈራሽው እንጂ ደብዳቤሽ ይናገራል። ቅናት መጥፎ ነው እያሉ አሳደጉን፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ቅናትን እንደ ጥሩ መረጃ ማየት ጀምሬያለሁ። ከሰው ላይ እየዘነጠለ የሚጥለው ቅናት ሌላ ነው። ያንቺ ዓይነቱ ግን የት እንደሚያምሽ ይጠቁማል። ልብ አልሽ እንደሆነ፣ ኃላፊ በሆነ ባልደረባ አልቀናሽም። ልጆቿን በሥርዓት በምታሳድግ ጎረቤትም አልቀናሽም። የቀናሽው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ፊት። ደውይላት እስቲ። ስለ ኤግዚቢሽኑ እንኳን ደስ ያለሽ በያት፣ ከዚያ ስንት ሥዕል ቀድዳ እንደጣለችና ማታ ማታ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ጠይቂያት። መልሱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከሩቅ ሆነሽ ከምትሠሪላት ኑሮ ግን የተለየ እንደሚሆን እወራረዳለሁ።

«ሠዓሊ ነኝ» ለማለት አፌ አይታዘዝም ላልሽው ደግሞ፣ አታስገድጂው። ስሙ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ስም ሲባል ሌላው ሰው የሚሰጥሽ ይመስላል። ግሡ ግን የራስሽ ነው። «እሥላለሁ» በይ። ይሄ እኮ ጉራ አይደለም፤ እንደ «እበላለሁ»፣ እንደ «እተኛለሁ» ያለ ተራ ነገር ነው። ማንም ሰው «ማስረጃሽን አሳዪኝ» አይልሽም። ካለሽም አለሽ፣ ፎጣው ሥር።

ራስን መቀበል የሚባለውን አራተኛ ዛፍ ላሳንሰው። እሱ እንደ ሥራና እንደ ቤተሰብ ለብቻው ሰዓት የሚመደብለት ነገር አይደለም፣ ሌላ የቤት ሥራ አታድርጊው። አንቺ የምትፈሪው «ራሴን ይቅር ካልኩ እሰንፋለሁ» የሚለውን ይመስለኛል፣ ጎበዝ ሴቶች ሁሉ ይሄ ፍርሃት አለባቸው። ብሬይንስና ቼን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይሄንኑ ፈትነውታል። ከባድ ፈተና የወደቁ ተማሪዎችን ከፊሎቹን ለራሳቸው እንዲያዝኑና እንዲረዱ የሚያደርግ ሐሳብ ሰጧቸው፣ ከዚያ ለሁለተኛው ፈተና ሲዘጋጁ ተመለከቱ። ብዙ ያጠኑት ለራሳቸው ያዘኑት ናቸው። ራሱን ሲገርፍ የሚውል ሰው ብርታቱን ግርፋቱ ላይ ይጨርሰዋል መሰለኝ።

የእናትነቱን ጸጸት በተመለከተ አንድ ሐኪም ላስተዋውቅሽ። ዶናልድ ዊኒኮት፣ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 «በቂ እናት» ለማለት የሚመጥን አባባል አመጣ። ፍጹም አላለም፣ በቂ ነው ያለው። እናት መጀመሪያ ላይ ለሕፃኑ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ትመቻቻለች፤ ልጁ የመቻል አቅሙ ሲያድግ ደግሞ ቀስ እያለች ትቀንሳለች፣ እና ይሄ መቀነስ ልጁ ከእውነተኛው ዓለም ጋር እንዲላመድ ያግዘዋል ባይ ነው። ማክሰኞ ማታ «እማ እየሣለች ነው፣ ወደ አባባ ሂጂ» መባል አራት ዓመት ለሞላት ልጅ የሚጎዳ ነገር አይደለም። ምናልባት መጀመሪያ ሳምንት ታለቅሳለች። ትልቁም ያኮርፍ ይሆናል። ቻዪው።

የሹመቱ ነገር ቀረ። እዚህ ላይ አጭር ነኝ፣ ምክንያቱም ሥራሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ገንዘቡ ካስፈለጋችሁ ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ይሄ ንጹሕ ምክንያት ነው፣ ለማንም ማብራራት የለብሽም። ግን ሁለት መልሶችን አልፈልግም። «ጥሩ እናት ኃላፊ አትሆንም» ብለሽ እምቢ እንዳትዪ። «አምነውኝ ጠይቀውኝ እንዴት እምቢ እላለሁ» ብለሽም እሺ እንዳትዪ፤ እሱ ይሉኝታ ነው፣ ይሉኝታ ደግሞ ሹመት ላይ ሲቀመጥ በጣም መጥፎ አለቃ ነው። አለቃሽን ቁጭ አድርገሽ ጠይቂ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በሳምንት ስንት ምሽት ይፈለግብኛል? አሁን የያዝኩትን ሥራ ማን ይረከበኛል? ማክሰኞና ዓርብ ማታ ስልኬ ዝግ ቢሆን ችግር አለው? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ፊቱን እዪ። ሹመቱ ሁለቱን ምሽቶች የሚበላ ከሆነ እኔ ብሆን አንድ ዓመት እንዲቆይልኝ እጠይቅ ነበር፣ ባይቆይም። ካልበላ ግን ያዢው፤ የተሻለ ደሞዝ የልጅ ጠባቂም የቀለም መግዣም ይሆናል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ያልመለስሽው ጥያቄ አለ፣ የትንሿ። ልጆች ጥያቄ አይረሱም፤ ደግማ ካልጠየቀችሽ ራሷ መልስ ሰጥታበታለች ማለት ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛቷ በፊት እጇን ይዘሽ ወደዚያ ክፍል ውሰጃትና ሥዕሉን አሳዪያት። ምናልባት «ይሄ ውሻ ነው?» ትልሽ ይሆናል፣ አንቺ ዛፍ ሥለሽ። ውሻ ይሁንላት። ፎጣውንም ማሽኑ ውስጥ ጨምሪው፣ ቀለም ሳይነካው አልቀረም።